ሁለቱም ይቀነሳሉ የተባለ ሰሞን

ከአጠና ተራ እስከ ቀራንዮ ድረስ ከእኔ ጆሮ የሚያመልጥ ወሬ አልተፈጠረም። ቀራንዮ ላይ ድመት ብታስነጥስ እኔ ኮልፌ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ «ይማርሽ» እላታለሁ። ባልና ሚስት ሊጣሉ ሲሉ፣ እነሱ ገና ሳያውቁት እኔ ማስታረቂያውን አስቤ እጨርሳለሁ። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው። እንግዲህ ይኸው ጆሮዬ ነው በገዛ ሚስቴ ጉዳይ አንድ ሙሉ የስልክ ወሬ ቃል ሳይቀር ሰምቶ፣ አንዲቷንም ቃል ያልተረዳው።

«ሱቄ» አልኩ እንዴ? የሚስቴ ሱቅ ነው። አስካለ ከአባቷ የወረሰችው የመጋረጃ ቤት ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ መስኮት እለካለሁ፣ ዘንግ እሰቅላለሁ። ታናሽ ወንድሟ ደግፌ ደግሞ የተሰፋውን ለደንበኛ ያደርሳል። ደንቡ ይህ ነው። በተግባር ግን እኔ ለደንበኛ ቀልድ አወራለሁ፣ ደግፌ ይስቃል። ያለ ሳቂ ቀልድ ስለማይሸጥ ደግፌን እንደ ቁልፍ ሠራተኛ ነበር የማየው። እኔ ከበሩ በስተግራ ወንበር አለኝ፣ እሱ በስተቀኝ። ሃያ አራት ዓመት በትዳር፣ አሥራ አምስቱን በዚያች ወንበር ላይ አሳልፌያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ለማሳያ ከተሰቀሉት መጋረጃዎች ጀርባ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ጋደም ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የጨርቁን ጥራት እመረምር ነበር። አስካለ ሱቁ ባዶ መስሏት ስልክ አነሳች። ሐዋሳ የምትሠራው ልጃችን ማህሌት ናት።

«አዎ ማሂዬ፣ ሐሙስ ነው ቅነሳው» አለች ሚስቴ።

አንድ ዓይኔን ገለጥኩ።

«ሁለቱም ናቸው እንጂ! አንዱ ብቻ ተቀንሶ እንዴት ይሆናል፣ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው? . . . እኔ እኮ መሸከም አቃተኝ። ትከሻዬ አለቀ። ስንት ዓመት! . . . ግራው ይብሳል፣ ቀኙ ትንሽ ይሻላል።»

ሁለተኛው ዓይኔ ራሱ ተገለጠ። ከበሩ በስተግራ የሚቀመጠው ማን ነበር?

«በጣም ወርደዋል ስልሽ። ድሮ እንዲህ አልነበሩም። . . . አይታቸዋለች፣ ለክታቸዋለች፣ ፎቶም አንስታቸዋለች። ልምድ አላት ነው የሚሉት፣ የስንቱን ቀንሳለች። . . . አይ፣ ሙሉ ለሙሉማ አይወገዱም፣ ከግማሽ በላይ ነው የሚቀነሰው። . . . ለአባትሽ እንዳትነግሪው! ከሰማ ሰፈሩን በሙሉ ያስቅብኛል።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔ መጋረጃው ጀርባ በላብ ርሻለሁ። ቅነሳ ማለት በእኛ አገር ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ፋብሪካው ሲቀንስ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲቀንስ ስንሰማ ኖረናል። የተጨመቀ ሎሚ አድርጋ ልታሰናብተን ነው! «ፎቶ አንስታቸዋለች» ስትል ደግሞ ባለፈው ሳምንት አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት መጥታ ሱቁን በስልኳ ስታነሳ ትዝ አለኝ። መጋረጃውን የምታነሳ መስሎኝ ፈገግ ብዬላት ነበር! የገዛ ልጄ፣ ያሳደግኳት ማህሌት፣ የሤራው አባል ናት። ከሁሉ ከሁሉ የከነከነኝ ግን «በጣም ወርደዋል» የሚለው ነው። እኔ ምን ወረድኩ?

ወዲያው ደግፌን ወደ ጓሮ ጠርቼ ነገርኩት።

«ሽሜ ሙት በለኝ!»

«ልሙት።»

«እኔንም?»

«ሁለቱም ነው ያለችው። አንተ ቀኙ ነህ፣ ትንሽ ትሻላለህ ተብለሃል።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ትንሽ ኩራት አየሁ ልበል? ወዲያው ግን ተከዘ። «ሽሜ፣ ሚስቴ እኮ ነፍሰ ጡር ናት።»

ማክሰኞ ዕለት ኮልፌ ታይቶ የማይታወቅ ሥራ አየች። ደግፌ ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ተገኘ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመስኮት ልኬት ሁለቴ ለካሁ። ደንበኛ ስትመጣ ሁለታችንም እኩል ብድግ እንላለን፣ አንዷን እናት እንዲያውም ለሁለት ተሸክመን ወንበር ላይ ልናስቀምጣቸው ምንም አልቀረንም። አስካለ የስፌት መኪናዋ ላይ እንደጎበጠች ቀና ብላ አየችንና «ምን በልታችሁ ነው?» አለች። ከዚያ አንገቷን በእጇ እያሸች ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እኔ ያየሁት ፊቷን ነው፤ ምሕረት አለበት የለበትም እያልኩ። አንገቷን አላየሁም። ይህን ያዙልኝ።

ረቡዕ ጠዋት ሥራችን ምንም እንዳልለወጠ ሲገባኝ ያገሬ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ሽማግሌ ላክሁ።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴና ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ናቸው። «አስካለ እኔንና ደግፌን ነገ ልትቀንሰን ነው፣ ለምኑልን» አልኳቸው። ጋሽ ወልዴን የማታውቁ ከሆነ፣ ሰውዬው ነገር በስሙ ጠርተው አያውቁም። ቤት ሲቃጠል ቢያዩ «በዚያ በኩል ትንሽ ሙቀት አለ» ነው የሚሉት። ሽማግሌ ማለት ዙሪያውን የሚሄድ ነው ብለው ያምናሉ። ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ጨዋነታቸው ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁ ገቡ። እኔና ደግፌ አስቀድመን ማሳያው መጋረጃ ጀርባ ተደብቀናል። አስካለ ወንበር ሰጠቻቸው። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ አስካለ፣ ነገ ልታደርጊ ያሰብሽውን ነገር ሰምተናል።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«ምኑን?»

«ያው . . . የሁለቱን ነገር። የቅነሳውን።»

በመጋረጃው ቀዳዳ ሳይ የሚስቴ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። ነጠላዋን ስባ ደረቷ ላይ አጣፋች። «ማነው የነገራችሁ?»

«ባልሽ ነው የላከን። አታድርጊው ብለን ልንለምንሽ ነው።»

«እሱን ምን አገባው?»

«እንዴት አያገባውም ልጄ?» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ከእሱ በላይ ማንን ያገባዋል?»

እትዬ ዘነቡ ገቡበት። «አስኩዬ፣ ስንት ዘመን ተሸክመሻቸው ኖረሽ አሁን ምን አስቸኮለሽ? እንደሚከብዱሽማ እናውቃለን። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ሰፈሩ ሁሉ?»

«የሱቁ ድምቀት እኮ ናቸው» አሉ ጋሽ ወልዴ በቅን ልቦና። «ደንበኛው የሚመጣው ለጨርቁ ብቻ መሰለሽ? እነሱን አይቶ፣ ትንሽ ተደስቶ ነው የሚሄደው። እኔ ራሴ በዚህ ሳልፍ እነሱን ካላየሁ ቅር ይለኛል።»

አስካለ ነጠላዋን ይበልጥ አጠበቀች። ደግፌ አጠገቤ እየተንቀጠቀጠ ነው። ማልቀሱ ይሁን መሳቁ አልታወቀኝም።

«ግድ ነው ካልሽ» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ የሽምግልናቸውን የመጨረሻ ጥይት አውጥተው፣ «አንዱን ቀንሺ። አንዱን ለእኛ ብለሽ ተይው።»

ሚስቴ ከወንበሯ ተነሣች። «ጋሽ ወልዴ! እርስዎን እንደ አባት ነው የማይዎት! የገዛ ጡቴን ባስቀንስ ለዕድሩ ምን ይጎድልበታል?»

የኮልፌ ታክሲዎች እንኳ ጥሩምባ መንፋት ያቆሙ መሰለኝ።

«የ . . . ምንሽን?» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ሽመልስና ደግፌ አይደሉም እንዴ የሚቀነሱት?»

በዚያች ቅጽበት ደግፌ መጋረጃውን ጨብጦ ተንበረከከ። ዘንጉ ከነመጋረጃው፣ ከነእኛ ወረደ። ዘንጉን የሰቀልኩት እኔ መሆኔን ለመዝገብ ያህል ልንገራችሁ። ወርቃማ ዳንቴል ተከናንበን እንደ ሁለት ሙሽሮች ሱቁ መሐል ተዘረጋን። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አጠለቁ። «እኛ እንኳ» አሉ ወደ በሩ እየሄዱ፣ «መስኮት ልናስለካ ነበር የመጣነው።»

እዚህ ላይ ብትስቁ አልቀየምም። እኔም ልስቅ ስል ነው የአስካለን ፊት ያየሁት። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቀረ» አለች በለሆሳስ። «ነገ አልሄድም።» ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ጥላብን ወጣች።

ቤት ስደርስ ጓሮ፣ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትል ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልናገር፣ ቀልዷ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«ይኸው» አለች አስካለ በጣቷ ወደ አፌ እያመለከተች። «መጣች። አየኋት።»

እንደ ትኩስ ድንች ዋጥኳት።

ምን እንደምትል ታውቅ ነበራ! በየሠርጉ፣ በየማኅበሩ የማወራት አንዲት ቀልድ ነበረችኝ። «አስካለ ወደ ቤት ስትገባ መጀመሪያ እነሱ ይገባሉ፣ እሷ በሚቀጥለው ታክሲ ትደርሳለች።» ሰው ይፈርሳል። እሷም ትስቃለች። ግን በሳቀች ቁጥር ነጠላዋን ወደ ደረቷ ትስብ ነበር። እኔ ሳቋን ስቆጥር ነጠላዋን አልቆጠርኩም።

«ና እስቲ» አለችና የቀሚሷን ትከሻ ገለጥ አደረገች። የጡት መያዣዋ ማንጠልጠያ የተኛበት ቦታ ተሰርጉዶ ቦይ ሠርቷል። ጣቴን ባስቀምጠው ገጥሞ ተኛበት። ቆዳው ጠቁሯል። ያልነገረችኝን ያን ቀን ነገረችኝ፤ መኪናው ላይ ስትጎብጥ አንገቷ እሳት እንደሚሆን፣ ጣቶቿ እየደነዘዙ መርፌ እንደሚያመልጣት፣ በሙቀት ጊዜ ከሥር በኩል ቆዳዋ እየተላጠ እንደሚያቃጥላት፣ ታክሲ ለመያዝ ሮጣ እንደማታውቅ። «በጎኔ ካልሆነ መተኛት አልችልም፣ እሱም ወደ ግድግዳው ዞሬ ትራስ አቅፌ ነው።» እኔ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ኩርፊያ መስሎኝ ስንት ዘመን በሆዴ አኩርፌያታለሁ!

«ታዲያ ሂጂ እንጂ!» አልኳት።

«እንዴት ብዬ? ጋሽ ወልዴ አውቀው? ነገ ተሠርቼ ስወጣ ኮልፌ በሙሉ ደረቴን ሊለካ ነው። ያንተን ቀልድ የሰማ ሁሉ! ስድስት ወር የተጠበቀ ቀጠሮ ነበር። በቃ ይቅር።»

ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። ይህ ሰፈር የግድ በአንድ ነገር መሳቁ ካልቀረ፣ በሌላ ነገር ይሳቅ።

ወጣሁ። ከልኳንዳው ጀምሬ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ጫማ ሰፊው፣ አትክልት ቤቱ፣ ፌርማታው ላይ የተሰለፈው ሰው ድረስ እየዞርኩ አንዲት ታሪክ ተረኩ። ሚስቱ ከሥራ ልታባርረኝ ነው ብሎ ሽማግሌ ስለላከ፣ መጋረጃ ውስጥ ተደብቆ የገዛ ዘንጉ ስለወደቀበት ጅል። ሚስቲቱ ምን ልታስቀንስ እንደነበር ሲጠይቁኝ «ወጪ» አልኩ። በሕይወቴ የተሻለ አድርጌ አውርቼ አላውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮልፌ ስም አወጣችልኝ። «ተቀናሹ!» ይላሉ እስከ ዛሬ። ረዳቶች ሳይቀሩ ከታክሲ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ተቀናሹ፣ ግባ፣ ቦታ አለ» ይሉኛል።

ስመለስ እትዬ ዘነቡ ከአስካለ ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እኔ በጉብዝናዬ ይህን የሚያውቅ ሐኪም ባገኝ ኖሮ እንዲህ ጎብጬ መሬት መሬት አላይም ነበር» ይሏታል። «ዕድሜዬ ነው ያጎበጠኝ መሰለሽ? እነሱ ናቸው። ሂጂ አንቺ ልጅ። የወልዴን ነገር ለእኔ ተይልኝ፣ አፋቸውን በዕድሩ ማኅተም ነው የማትመው።»

አስካለ አየችኝ። «ምን ብለህ አወራህ?»

ነገርኳት። መጀመሪያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ነጠላዋን ሳትስብ ሳቀች።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ተገኘን፣ ደግፌም ጭምር። ቀዶ ሐኪሟ መነጽር ያደረገች ሴት ናት፤ ሱቃችንን ፎቶ ያነሳችው ግን አይደለችም፣ ያቺ ለካስ ደንበኛ ነበረች። ዶክተሯ ሁሉንም ደግማ አስረዳችን። ከውስጥ ስቡና የጡቱ ሥጋ ይቀነሳል፣ የተረፈው ቆዳ ይቆረጣል፣ የጡቱ ጫፍ ከነደም ሥሩ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይሰፋል።

«ይገባኛል» አልኩ። «መጋረጃው ሲረዝም ከታች ቆርጠን፣ ቀለበቱን ከፍ አድርገን እንደምንሰፋው ነው።»

«ሽመልስ!» አለች አስካለ።

ዶክተሯ ግን ሳቀች። «ብዙም አልራቁም። ጨርቅ ግን አይደማም። ጠባሳ ይኖራል። ጫፉ ላይ ስሜቱ ሊቀንስ ይችላል። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ክትትል ይፈልጋል። ለጥቂት ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት፣ መኪናው ላይ መጎበጥ የለም። ይህን ሁሉ እሷ ታውቃለች፣ አስባበት ነው የወሰነችው። እርስዎ ጥያቄ አለዎት?»

«የሚወጣውስ? የት ይሄዳል?»

«ላቦራቶሪ ይመረመራል።»

ደግፌ እጁን አወጣ፣ እንደ ተማሪ። «ዶክተር፣ ግራው ይብሳል የተባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ብዙ ሴት ላይ ሁለቱ እኩል አይደሉም።»

ደግፌ ዞሮ አየኝ። «ይኸው፣ አንተ አይደለህም» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ።

አስካለን ሲያስገቧት ደረቷ ላይ መስመር ተሰምሮበታል። «እኔ በጠመኔ ነው የማሰምረው፣ እሷ በእስክሪብቶ» አለችኝ። እጇ ግን በረዶ ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ ብትሰጡኝ እንኳ አልቀበልም ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል በረንዳው ላይ ስንጎራደድ ደግፌ አንድም ጊዜ አልሳቀም። በሩ በተከፈተ ቁጥር እንነሣለን፣ የሌላ ሰው ሲሆን እንቀመጣለን። በመጨረሻ ዶክተሯ ወጣች። በደህና አልቋል። የወጣው ከሁለቱም ተደምሮ ለሁለት ኪሎ ትንሽ ፈሪ ነው።

ሁለት ኪሎ! ተቀመጥኩ።

አስካለ ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው «ውኃ» ነው። ቀጥሎ ያለችው «ሽመልስ» ነው። ጠጋ አልኩ። «አንተን አልቀነስኩህም» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ግን ለሙከራ ነው የቆየኸው።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ካየሁ ወዲህ ዓመት አልፎታል። አስካለ አሁን ስትሰፋ ቀና ብላ ነው። ባለፈው ሰሞን ታክሲ ሊያመልጠን ሲል ሮጣ ያዘችና በር ላይ ቆማ «ፍጠን እንጂ ተቀናሹ!» አለችኝ። ጠባሳ አላት፣ አንዱ ጎን እስከ ዛሬ ደንዝዟል፣ እሷም አትደብቀውም። ለቁንጅና ያደረገችው የሚመስለው ሰው አለ፤ ለቁንጅና ቢሆንስ ማንን ምን አገባው? ሁሉም ሴት ይሠራ አላልኩም፤ ያንን ሐኪም ይንገራችሁ። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። በየጨዋታው የምታስቁበት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሲስቅ እጁ ምን እንደሚያደርግ እዩ።

አሁን የደበቅኳትን አንዲት ነገር ልናገርና ላብቃ። አንድ እሑድ አስካለ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስትሄድ የድሮ ጡት መያዣዋን ከሳጥን አወጣሁ። በየጎኑ አንድ አንድ ኪሎ ምስር በፌስታል ቋጥሬ ከተትኩ። ለበስኩት። ከላይ ሰፊ ጃኬት ደረብኩ። እሷ ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመችውን እኔ ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ቀን ልሸከም ብዬ ማልኩ፣ እስከ ሱቁም በእግሬ ልሄድ ወጣሁ።

ፌርማታው ጋ ሳልደርስ አንድ አጥር ጥግ ገብቼ አወለቅሁት። ፌርማታው ደግሞ ከቤታችን በር ላይ ሲቆሙ ይታያል።